ካፒቴኑን እናውቃለን፤ የቀሩትንስ?

አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። ኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም. ከቦሌ ተነሥቶ ኮሞሮስ ባሕር ላይ በወደቀው የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ውስጥ ከነበሩት ሰዎች የአንዱን ስም ጥሩልኝ። «ካፒቴን ልዑል አባተ» አላችሁ አይደል? ጎበዝ። አሁን ሁለተኛ ስም ጨምሩ። ረዳት አብራሪውን ዮናስ መኩሪያን ያስታወሰ ካለ በእውነት ይመስገን። ሦስተኛስ?

ሦስተኛው ላይ አብዛኞቻችን ዝም እንላለን። አውሮፕላኑ ውስጥ 175 ሰው ነበር። 50 ሰው ተረፈ፣ 125 ሰው ሞተ። ከሞቱት ሦስቱ ጠላፊዎቹ ናቸው። ሠላሳ ዓመት ገደማ በሆነው ጊዜ ውስጥ ያንን ሁሉ ሰው ወደ አንድ ጀግናና ወደ አንድ አጭር ቪዲዮ አሳንሰነዋል። የዚህ ጽሑፍ ክርክር ይኸው ነው፤ ማሳነሱ ነውር ነው። ነውርነቱ በሞቱት ላይ ብቻ ቢሆን ኖሮ «የሞተ ተጎዳ» ብለን እናልፈው ይሆናል። ግን ነገ ሻንጣዋን ይዛ ቦሌ በምትሰለፈው ልጅ ላይም ነው።

የተወለድኩት አውሮፕላኑ ከወደቀ በኋላ ነው። ስለዚህ የነገሩኝን ነው የማውቀው። የነገሩኝ ደግሞ ምን ያህል ትንሽ እንደሆነ የገባኝ ጋዜጠኝነት ተምሬ ከጨረስኩ በኋላ ነው።

የምናውቀው ታሪክ

ሜክሲኮ ታክሲ ተራ ላይ ቆማችሁ ዕድሜው ሃምሳ ያለፈውን ሰው ስለዚያ ቀን ጠይቁ። ወዲያው ይነግራችኋል። ሦስት ወጣቶች ጠለፉት፣ አውስትራሊያ ውሰደን አሉ፣ ነዳጅ የለም ሲባሉ አናምንም አሉ፣ ልዑል ባሕር ላይ አሳረፈው። አራት ዐረፍተ ነገር፤ አለቀ። የሳር ቤቱ ታክሲ እስኪሞላ ተረኩ ተጀምሮ ያልቃል።

አራቱም ዐረፍተ ነገሮች እውነት ናቸው። ቦይንግ 767 ነበር፤ የበረራ ቁጥሩ 961። ከቦምቤይ ተነሥቶ አዲስ አበባ የገባ ሲሆን ወደ ናይሮቢ፣ ብራዛቪል፣ ሌጎስና አቢጃን ነበር የሚቀጥለው። ከቦሌ በተነሣ በሃያ ደቂቃ ገደማ ጠላፊዎቹ የአብራሪዎቹን ክፍል ሰብረው ገቡ። የያዙት እዚያው አውሮፕላኑ ውስጥ የነበረውን የእሳት አደጋ መጥረቢያና የእሳት ማጥፊያ ነው። «ቦምብ ነው» ያሉት ነገር በኋላ የመጠጥ ጠርሙስ ሆኖ ተገኘ። «አሥራ አንድ ነን» ብለውም ነበር፤ ሦስት ነበሩ።

አውሮፕላኑ ነዳጅ የያዘው ለናይሮቢው ጉዞ ነው። ካፒቴኑ ይህንን ደጋግመው ቢያስረዱም የሚሰማ አላገኙም። አንደኛው ጠላፊ የአየር መንገዱን መጽሔት አንሥቶ «ይሄ አውሮፕላን አሥራ አንድ ሰዓት መብረር ይችላል ይላል» ብሎ ተከራከራቸው። ካፒቴኑ የአፍሪካን የባሕር ዳርቻ ተከትለው ወደ ደቡብ በረሩ፤ መሬት መታየቱን ጠላፊዎቹ ሲያውቁ ወደ ባሕሩ እንዲታጠፉ አስገደዷቸው። ያን ጊዜ ሳያሳውቁ አቅጣጫቸውን ወደ ኮሞሮስ ደሴቶች አደረጉ። ነዳጁ አልቆ ሞተሮቹ ተራ በተራ ጠፉ። ካፒቴኑ ለተሳፋሪው በድምፅ ማጉያው ነዳጅ እንዳለቀ፣ አደጋ እንደሚጠብቃቸው ተናገሩ፤ ጠላፊዎቹን እንዲቋቋሟቸውም ጠየቁ። አንደኛው ጠላፊ እስከ መጨረሻው ደቂቃ መሪ ይታገላቸው ነበር። ሞሮኒ አውሮፕላን ማረፊያ ሊያሳርፉት የነበረው ዕድል በዚያ ትግል አመለጠ። ከግራንድ ኮሞር ደሴት፣ ከጋላዋ ሆቴል ፊት ለፊት፣ ከዳርቻው አምስት መቶ ሜትር ያህል ርቀት ላይ ውኃውን መቱ። የግራ ክንፉና የግራ ሞተሩ ቀድመው ነኩ። አውሮፕላኑ ተሰባበረ።

ባሕር ዳር የነበረች ቱሪስት ያንን ቅጽበት ቀርጻዋለች። ዛሬ ማንም ኢንተርኔት ያለው ሰው ያየዋል። ጥቂት ሴኮንድ ነው፤ ክንፉ ውኃ ይነካል፣ ይገለበጣል፣ ነጭ አረፋ ይሆናል። እዚያ ላይ ቪዲዮው ያልቃል፤ የእኛም ትረካ እዚያው ላይ ያልቃል።

ለተሳፋሪዎቹ ግን ነገሩ እዚያ አልነበረም የተጀመረው፣ እዚያም አልነበረም ያለቀው። ከዚያ በፊት ወደ አራት ሰዓት የሚጠጋ ጊዜ ነበራቸው። አራት ሰዓት! ልጅ ያቀፈች እናት ምን አደረገች? ከጎን የተቀመጠው የማያውቁት ሰው ምን አለ? አስተናጋጆቹ በመተላለፊያው እየተመላለሱ ፊታቸውን እንዴት ያዙ? ከዚያ በኋላስ በውኃው ውስጥ የነበሩት ደቂቃዎች? ከዚያ በኋላስ ከሞት ተርፎ ቤት የመግባት ሠላሳ ዓመት?

ሁለት አብራሪ፣ አንድ ጀግና

ካፒቴን ልዑልን ለማሳነስ የሚሞክር ሰው ካለ ከእኔ ጋር አይስማማም። ከዚያ ቀን በፊት ሁለት ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ1992 እና በ1995፣ ተጠልፈው ያውቁ ነበር። ሞተር በሌለው አውሮፕላን፣ በነፋስ ኃይል የምትሽከረከር አንዲት መጠባበቂያ ተርባይን በምትሰጠው ውስን ጉልበት፣ መጥረቢያ የያዘ ሰው አጠገባቸው ቆሞ ነው 50 ሰው ያተረፉት። ዓለም አቀፍ የበረራ ደኅንነት ተቋም ሸልሟቸዋል። ይገባቸዋል።

ግን ተመልከቱ፤ ረዳት አብራሪው ዮናስ ከአብራሪዎቹ ክፍል ተደብድበው ነው የተባረሩት። ደማቸው እየፈሰሰ፣ በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች ተመልሰው ገብተው ጠላፊዎቹን ተጋፍጠዋል። ይህንን ስንቶቻችን እንናገራለን? ጀግና ስንፈልግ አንድ ብቻ ነው የምንመርጠው፤ ሁለት ከሆነ ይበዛብናል መሰል። ረዳት አብራሪው እንዲህ ከተረሱ፣ የአስተናጋጆቹ ነገር ምን ሊሆን ነው? ከኋላ ስለተቀመጠው ነጋዴስ?

ሌላ ምሳሌ። በዚያ አውሮፕላን ውስጥ ከሞቱት አንዱ መሐመድ አሚን ነው። ኬንያዊ የካሜራ ባለሙያ ነው፤ ናይሮቢ የተወለደ። በ1977 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ከቢቢሲው ማይክል በርክ ጋር ኮረም ድረስ ሄዶ ረሃባችንን የቀረጸው እሱ ነው። ዓለም ያንን ፊልም አይቶ ነው የተንቀሳቀሰው። የሚልዮኖች ገንዘብ የተሰበሰበው፣ ዘፋኞቹ የተሰባሰቡት ከዚያ በኋላ ነው። ግንቦት 1983 ዓ.ም. መንግሥት በተለወጠ ማግሥት አዲስ አበባ የጥይት መጋዘን ሲፈነዳ ግራ እጁን አጥቷል። በሰው ሠራሽ እጅ ካሜራ መያዙን ቀጠለ። በዚያች ቅዳሜ ወደ ናይሮቢ ወደ ቤቱ እየተመለሰ ነበር።

ይሄ ሰው ለእኛ ምን እንደሆነ አስቡት። የእኛን ሙታን ለዓለም ያሳየ ሰው ከእኛ ከተማ ተነሥቶ፣ በእኛ አየር መንገድ ሲጓዝ፣ በእኛ ልጆች ጠለፋ ሞተ። የሚገርመው ደግሞ ጠላፊው እያነበበ የተከራከረበትን የአየር መንገዱን መጽሔት ያሳትም የነበረው መሐመድ አሚን ያቋቋመው ድርጅት ነው። ልብ ወለድ ቢሆን «ይሄማ ተጋነነ» እንለው ነበር። የጋዜጠኝነት ትምህርት ቤት አራት ዓመት ስቀመጥ ግን ስሙን ከመምህር አንደበት አንድም ቀን አልሰማሁም። (የትኛው ትምህርት ቤት እንደሆነ አልናገርም፤ ሌላው ጋም ከዚህ የተለየ መሆኑን እጠራጠራለሁ።)

የመሐመድ አሚን ታሪክ ግን ቢያንስ አልጠፋም። ለምን? ቤተሰቡና ባልደረቦቹ ስለጻፉለት ነው። ከአደጋው የተረፈው አሜሪካዊ ዲፕሎማት ፍራንክ ሀድል ከባለቤቱ ጋር የሆነውን ደጋግሞ ስለተናገረ በእንግሊዝኛ የሚያነብ ሰው ያውቀዋል። የአውሮፕላን አደጋ የሚተርኩ የውጭ ዘጋቢ ፊልሞችም ሠርተውታል። እኛ ደግሞ ከእነሱ እየቀዳን በየማኅበራዊ ሚዲያው በአማርኛ እንለጥፋለን። የራሳችን ሰው ከቦሌ ተነሥቶ የደረሰበትን ነገር ለማወቅ ዞረን ዞረን ፈረንጅ በፈረንጅኛ የጠየቀውን መተርጎም! «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» የሚል ሕዝብ ነን እኮ።

ጃኬቱ

«ታሪክ ምን ያደርጋል? ሞተዋል፤ ይረፉ» የሚል አይጠፋም። እሺ፣ ታሪኩን እንተወው። ስለ ጃኬቱ እናውራ።

ከመቀመጫችሁ ሥር ያለውን የነፍስ አድን ጃኬት አስቡት። አስተናጋጇ ከበረራ በፊት አንገቷ ላይ አጥልቃ ታሳያለች። «ከአውሮፕላኑ ሳይወጡ እንዳይነፉት» ትላለች። ማን ይሰማታል? ግማሹ ስልኩን ይነካካል፣ ግማሹ ተኝቷል። የመጀመሪያ ጉዞዋ የሆነችው ልጅ ደግሞ ትሰማለች፤ ግን ለምን እንደተባለ አይገባትም።

ለምን እንደሆነ በረራ 961 ውስጥ የነበሩ ሰዎች ያውቁት ነበር፤ ቢጠየቁ። ብዙዎቹ ተሳፋሪዎች አውሮፕላኑ ውኃውን ከመምታቱ በፊት ጃኬታቸውን ነፍተው ነበር። የሰው ተፈጥሮ ነው፤ ባሕር እያየህ የሚያንሳፍፍህን ነገር ሞልተህ መጠበቅ ትፈልጋለህ። ነገር ግን የአውሮፕላን ሆድ ውኃ ሲሞላ የተነፋ ጃኬት ወደ ጣሪያው ነው የሚያነሣህ። መውጫው በር ያለው ደግሞ ከታች፣ ከውኃው ሥር ነው። ጎንበስ ብለህ፣ ጠልቀህ፣ በበሩ ወይም በስንጥቁ መውጣት አለብህ። ጃኬቱ አያስጠልቅህም። ሊያድንህ የተሠራው ነገር ጣሪያው ላይ ለጥፎ ይይዝሃል። ከግጭቱ ተርፈው እዚያው ውስጥ በውኃ የሞቱ ሰዎች ነበሩ።

አሁን በዓለም ላይ ስለ ባሕር ላይ አደጋ በሚሰጥ የአስተናጋጆች ሥልጠና ይህ በረራ እንደ ምሳሌ የሚነሣ ነው። ዋጋውን የከፈሉት ከቦሌ የተነሡ ሰዎች ናቸው። እዚህ ቦሌ ላይስ? በየቀኑ ወደ ጅዳ፣ ወደ ሪያድ፣ ወደ ቤሩት የሚበሩ እህቶቻችን አሉ። ብዙዎቹ ከገጠር ቀጥታ የመጡ፣ አውሮፕላን ሲያዩ የመጀመሪያቸው የሆነ። ስለ አሠሪ፣ ስለ ልብስ ማጠቢያ ማሽን፣ ስለ አረብኛ ሰላምታ ይነገራቸዋል። «እህቴ፣ ጃኬቱን ውስጥ ሆነሽ ከነፋሽው በሩን አታገኚውም፤ በ1989 እንዲህ የሆኑ ሰዎች ነበሩ» ብሎ በሰው ታሪክ የሚነግራቸው ማነው? ትእዛዝ ይረሳል፤ ታሪክ ግን አይረሳም። ቀይ ባሕር ደግሞ ከእኛ ሩቅ አይደለም።

አንድ የተረፈ ሰው በገዛ አንደበቱ፣ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛ ይህንን በአምስት ደቂቃ ሲናገር ቢቀረጽና ከበረራ በፊት ቢታይ ስንት ትእዛዝ እንደሚያክል አስቡት። ቪዲዮውን እየተቀባበልን በመደነቅ የምናጠፋው ጊዜ ለዚህ በቂ ነበር።

«ቁስል አትቀስቅሺ»

በአንድ ዝግጅት ክፍል ለልምምድ በነበርኩበት ጊዜ ይህንን ሐሳብ አቀረብኩ። የተረፉትን እንፈልግ፣ የሟቾቹን ቤተሰቦች እናናግር አልኩ። አለቃዬ «ያረጀ ዜና ነው፤ ሠላሳኛ ዓመቱ ሲደርስ ታመጪዋለሽ» አለኝ። ሌላው ቀበል አድርጎ «የሰው ቁስል መቀስቀስ ምን ያደርግልሻል?» አለ። ከዚያ ወደ ሌላ አጀንዳ ሄድን።

ሁለቱንም መልሶች በደንብ አስቤባቸዋለሁ። ሁለቱም ትክክል አይደሉም።

«ያረጀ ነው» የሚለው በተገላቢጦሽ ነው መነበብ ያለበት። ያኔ የ40 ዓመት ሰው የነበረ ዛሬ 70 ሊሞላው ነው። ምስክር እያረጀ ነው እንጂ ዜናው አላረጀም። አሥር ዓመት ጠብቀን ስንሄድ የምናገኘው ፎቶ ብቻ ነው። ቁስሉን በተመለከተ ደግሞ፣ ቁስሉን የሚቀሰቅሰው ጠያቂ አይደለም። ያ ቪዲዮ በየወሩ በአዲስ ሙዚቃ ታጅቦ፣ «ይገርማል!» ተብሎ ስልካቸው ላይ ሲመጣ የሚሰማቸውን ገምቱ። እናቷ የሞተችባትን ሴት አስቡ፤ የእናቷን የመጨረሻ ሴኮንድ ዓለም በሙሉ አይቶታል፤ የእናቷን ስም ግን የሚያውቅ የለም። የቱ ነው የሚያቆስለው?

ደግሞስ እኛ ሙትን ለመርሳት የተፈጠርን ሕዝብ ነን እንዴ? ለጎረቤት ሠልስት ወጥተን፣ አርባ አውጥተን፣ ሙት ዓመት ቆጥረን፣ ዕድራችን ድንኳን ተሸክሞ ይመጣል። ያልመጣ ሰው ይታማል፣ ይቀጣል። ከ122 ንጹሐን ሙታን ፊት ሲቆም ግን ይሄ ሁሉ ባህል ድንገት «አትቀስቅሱ» ይላል። አንድ ሰው ሲሞት ለቅሶ እንደርሳለን፤ መቶ ሰው አንድ ላይ ሲሞት ዜና አድርገን እናልፋለን።

ከሁሉ የሚከብደው ሦስተኛው መከራከሪያ ነው፤ ብዙ ጊዜ በግልጽ አይነገርም እንጂ። «የአየር መንገዳችን ስም ይጠፋል» የሚለው ነው። እኔም አየር መንገዱን እወዳለሁ። ግን ይህ ፍቅር ሙታንን ሲያስረሳን ሁለት ጊዜ አይተናል።

ጥር 17 ቀን 2002 ዓ.ም. ሌሊት ከቤሩት የተነሣው በረራ 409 በዝናብና በነጎድጓድ ውስጥ ከተነሣ ከደቂቃዎች በኋላ ሜዲትራንያን ባሕር ውስጥ ወደቀ። 90 ሰው ነበር፤ አንድም አልተረፈም። ከሟቾቹ መካከል ቤሩት ውስጥ በቤት ሠራተኝነት የከረሙ፣ ወደ አገራቸው የሚመለሱ እህቶቻችን ነበሩ። ከዚያ በኋላ ምን ተከራከርን? የሊባኖስ መርማሪዎች ጥፋቱን በአብራሪዎቹ ላይ አደረጉ፤ አየር መንገዱ ሪፖርቱን አልቀበልም አለ። እኛም «አብራሪያችን ነው፣ አይደለም» ስንባባል ከረምን። ክርክሩ አስፈላጊ ነበር፤ አልክድም። ግን ስንት ዓመት ሰው ቤት አጽድታ፣ የሰው ልጅ አሳድጋ፣ ለእናቷ ስጦታ ገዝታ ስትመለስ ባሕር ውስጥ የቀረችውን ልጅ በዚያ ክርክር ውስጥ ያነሣት ማነው?

መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ደግሞ በረራ 302 ከቦሌ በተነሣ በስድስት ደቂቃ ቢሾፍቱ አቅራቢያ ወደቀ፤ 157 ሰው አለቀ። በሳምንቱ በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ኢትዮጵያውያኑ ሟቾች ሲሸኙ ሳጥኖቹ ባዶ ነበሩ። ለቤተሰብ የተሰጠው ከአደጋው ቦታ የተዘገነ አፈር ነው። ባሕር ማዶ ደግሞ አንድ የአሜሪካ ምክር ቤት አባል «አሜሪካ የሠለጠነ አብራሪ ቢሆን ኖሮ» ዓይነት ንግግር አደረጉ። የራስህን ታሪክ ካልጻፍክ ሌላው እንዲህ አድርጎ ይጽፍልሃል።

ያንን ያስቆመው ምን ነበር? የኢንጂነሮች ሪፖርት ብቻ አይደለም። የሟች ቤተሰቦች ናቸው። ከየአገሩ ተጠራርተው፣ የሟቾቻቸውን ፎቶ ይዘው በአሜሪካ ሴኔት አዳራሽ ከቦይንግ ሥራ አስፈጻሚ ጀርባ ቆሙ። ሰውየው ዞሮ እንዲያያቸው አደረጉ። ማክስ የተባለው አውሮፕላን በአሜሪካ ሃያ ወር ያህል መሬት ላይ ቆመ። 157 የሚለው ቁጥር ማንንም አያስፈራም፤ ፎቶ የያዘች እናት ግን ታስፈራለች። የሰው ታሪክ እንዲህ ያለ ጉልበት አለው። የበረራ 961 ቤተሰቦች ይህንን ጉልበት ሳያገኙ ሠላሳ ዓመት ሊሞላቸው ነው።

ሦስቱን ከመሀል እናውጣቸው

አንድ ነገር ልጨምር። ስለዚህ በረራ ስናወራ ከካፒቴኑ ቀጥሎ የምናወራው ስለ ጠላፊዎቹ ነው። አንዱ ይቀልድባቸዋል፤ «አውስትራሊያ በታክሲ ነው እንዴ?» ይላል። ሌላው ያዝንላቸዋል፤ «አገር ሲመርህ እኮ…» ይላል። የካቲት 10 ቀን 2006 ዓ.ም. ረዳት አብራሪው የሮሙን አውሮፕላን ይዞ ጄኔቭ ሲገባም እንዲሁ ነበር። ፌስቡካችን ለሳምንታት ስለ እሱ ሲከራከር፣ ሲቀልድ፣ ጀግና ሲያደርገውና ከሃዲ ሲያደርገው ከረመ። ከኋላ ተቀምጠው ምን እየሆነ እንዳለ ሳያውቁ ስለተጓዙት 200 ያህል ሰዎች ያነሣ እምብዛም አልነበረም።

ወጣት ከአገሩ ለመውጣት ነፍሱን የሚሸጥበት ምክንያት እውነተኛ ጥያቄ ነው። እኔም ሃያዎቹ ውስጥ ያለሁ ሰው ነኝ፤ የክፍል ጓደኞቼ የት የት እንዳሉ አውቃለሁ። ግን የራስህን መውጫ ፍለጋ የሌላውን ልጅ መቀመጫ ላይ አስረህ ስታሰጥም ጥያቄው ተለውጧል። ያን ቀን ከሞቱት ውስጥ ራሳቸውም ኑሮ ፍለጋ የሚሄዱ ሊኖሩ ይችላሉ። የእነሱን ምሬት ማን ጠየቀ? ሦስቱም በቀልድም በኀዘኔታም የታሪኩን ወንበር ይዘው ተቀምጠዋል። ይነሡ። ስማቸውን እዚህ ያልጻፍኩት የሟቾቹ ስም ሳይጻፍ የገዳዮቹ መጻፍ የለበትም ብዬ ነው።

ምን ይደረግ?

«ስም ምን ያደርጋል» የሚለኝ ሰው ሜክሲኮ ሲወርድ ያለበትን ቦታ ስም ያስብ። አደባባዩ ሜክሲኮ የተባለው ጣልያን በ1928 ዓ.ም. ሲወረን ሜክሲኮ በመንግሥታቱ ማኅበር ፊት ወረራውን ስለተቃወመች ነው። እነሱም ዋና ከተማቸው ውስጥ «ኢትዮጵያ» የሚባል አደባባይና የባቡር ጣቢያ አላቸው። ውለታ ስም ሆኖ ስለተቀመጠ ነው ከዘጠና ዓመት በኋላ ወያላው እየጮኸ የሚጠራው። ኮሞሮስስ? በዚያ ቀን የጋላዋ ዓሣ አጥማጆች በጀልባ ገብተው፣ የሆቴሉ ሠራተኞችና እንግዶች ዋኝተው፣ ለዕረፍት የመጡ ፈረንሳውያን ሐኪሞች አሸዋው ላይ ተንበርክከው ሰዎቻችንን አውጥተዋል፣ አክመዋል። ደሃ አገር ናት፤ ያላትን ሰጠች። አዲስ አበባ ውስጥ የኮሞሮስን ዓሣ አጥማጅ ስም የሚያነሣ ስንት ሰው አለ?

የምጠይቀው ትልቅ ነገር አይደለም። ሐውልት በሚልዮን ብር ይቁም አላልኩም።

አንደኛ፣ የጋዜጠኝነት ትምህርት ክፍሎች ለተመራቂ ተማሪዎቻቸው አንድ አንድ የተረፈ ሰው ወይም አንድ አንድ የሟች ቤተሰብ ያከፋፍሉ። ፈቃደኛ የሆነውን፣ በራሱ ቋንቋ፣ በራሱ ጊዜ፣ ዝም ማለት የፈለገውንም አክብረው። በየዓመቱ «የኤፍ ኤም ሬዲዮ የአድማጮች አስተያየት» በሚል ርዕስ ከሚጻፈው የመመረቂያ ጽሑፍ አንድ እጁ እንኳን ወደዚህ ቢዞር በሦስት ዓመት ውስጥ ሙሉ መዝገብ ይኖረናል።

ሁለተኛ፣ ኅዳር 14 ቀን በየዓመቱ አንድ ሬዲዮ ጣቢያ፣ አንድ ብቻ፣ ቤተሰቦቻቸው የፈቀዱላቸውን ሟቾች ስም ያንብብ። ሙዚቃ አያስፈልገውም። ከማስታወቂያ እረፍት ያነሰ ጊዜ ነው የሚወስደው።

ሦስተኛ፣ የጃኬቱ ታሪክ ወደ ውጭ አገር ለሥራ ለሚሄዱ እህቶቻችን በሚሰጠው ሥልጠና ውስጥ ይግባ። ከሰው አንደበት፣ በሚገባቸው ቋንቋ።

አራተኛ፣ እኔና እናንተ ያንን ቪዲዮ ከመላካችን በፊት ቆም እንበል። መላክ ካለብን እንኳን ከሥሩ አንድ መስመር እንጻፍ፤ «እዚህ ውስጥ 175 ሰዎች አሉ» የሚል።

አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. በጥር 2009 አንድ አውሮፕላን ሀድሰን ወንዝ ላይ ሲያርፍባቸው 155ቱም ተረፉ። ካፒቴን ሰለንበርገርን ጀግና አደረጉት፣ ፊልም ሠሩለት። ነገር ግን እዚያ አላቆሙም። ተሳፋሪዎቹን አንድ በአንድ ጠየቁ፤ ታሪካቸው በመጽሐፍ ወጣ፤ አውሮፕላኑ ራሱ ሙዚየም ገባ። የትኛው ወንበር ላይ ማን እንደነበረ፣ ምን እንዳሰበ ይታወቃል። አንድም ሰው ሳይሞት ይህን ያህል ጻፉ።

እኛ 122 ሰው ቀብረን ያስቀረነው አንድ ስምና ጥቂት ሴኮንድ ፊልም ነው። 50 ሰው ግን ከዚያ ባሕር ወጥቷል። በሕይወት ያሉት ዛሬም እዚህ አገር፣ ምናልባትም እናንተ በምትሳፈሩበት ታክሲ ውስጥ፣ በመስኮቱ በኩል ተቀምጠው ይሄዳሉ። የጎደለው የእነሱ መናገር አይደለም፤ የእኛ መጠየቅ ነው። መቅረጫ ያለው ይያዝ፣ ብዕር ያለው ይነሣ። ሠላሳኛው ዓመት ሲደርስ የሚቀርብ ዜና አድርገን ሳይሆን፣ አሁን፣ የሚመልስልን ሰው ሳለ።